ሞተሩ እየሠራ ትንሽ አውሮፕላን ለምን ይወድቃል?

ትንሽ አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ሞተሩ ጠፍቶበት ይሆናል» የሚል ግምት ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ሲመረመሩ ግን በብዛት ሞተሩም ክንፉም መሪውም ደህና ሆነው ይገኛሉ። የግል በረራ በብዛት በሚካሄድባት በአሜሪካ ከአራት አደጋ ሦስቱ ያህሉ የሚያያዙት ከአብራሪው ውሳኔ ወይም አያያዝ ጋር ነው። ከገዳዮቹ ምክንያቶች ደግሞ ቀዳሚው አውሮፕላኑ በአየር ላይ ከቁጥጥር መውጣቱ ነው።

ሞተር ቢጠፋም አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ባለ አራት ወንበሩ ሴስና 172 ሞተሩ ጸጥ ሲል 1 ሜትር በወረደ ቁጥር 9 ሜትር ያህል ወደፊት ይንሳፈፋል። ከመሬት 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ የነበረ አብራሪ ነፋስ ከሌለ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሜዳ የመምረጥ ዕድል አለው። በሞረትና ጅሩ ሜዳ ላይ ይህ ብዙ ነው፤ በጀማ ገደል ላይ ደግሞ እጅግ ጥቂት።

ጉዳዩን በሰሜን ሸዋ ምድር ላይ አድርገን የምናስረዳው ለዚሁ ነው። ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚጥሉት ነገሮች፣ ስስ አየር፣ ጉም፣ ገደልና ውርጭ፣ አንድ ላይ ተሰብስበው የሚገኙት እዚህ ነው።

አየሩ ሲሳሳ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባቄላ አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው። ድስቱን የሚያዘገየው ያው የአየር ማነስ አውሮፕላኑን በሦስት በኩል ይይዘዋል። ሞተሩ ቤንዚኑን የሚያቃጥልበት አየር ያንሰዋል፣ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው ይሳሳበታል፣ ክንፉ የሚደገፍበት ይጎድለዋል።

አብራሪዎች ይህን የሚያሰሉት «የእፍግታ ከፍታ» በሚሉት ቁጥር ነው። ትርጉሙ አየሩ ስንት ሜትር ላይ ያለ ያህል ሳስቷል ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በአቪዬሽን ከፍታ በጫማ ስለሚቆጠር ደብረ ብርሃንን 9,300 ጫማ እንበል። የመደበኛው አየር ሙቀት ባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ሆኖ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ቀመር ደብረ ብርሃን ላይ የሚጠበቀው ሙቀት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 23 ተኩል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ሲታሰብ 2,800 ጫማ ይመጣል፤ ከ9,300 ጋር ሲደመር 12,100 ጫማ፣ ማለትም 3,700 ሜትር ገደማ። ሜዳው የደብረ ብርሃን ነው፤ ክንፉና ሞተሩ የሚያገኙት አየር ግን የመንዝ ጓሳ ጫፍ አየር ነው።

ቱርቦ የሌለው አሮጌ መኪና የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ ጉልበት የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ነው። መኪናው ማርሽ ቀንሶ ይወጣዋል። አውሮፕላን ወደ ታች የሚቀንሰው ማርሽ የለውም። 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሴስና 172 በዚህ አየር የሚያወጣው 115 ገደማ ብቻ ነው። የአምራቹ መጽሐፍ ባሕር ወለል ላይ በደቂቃ 730 ጫማ ይወጣል ይላል፤ የመጨረሻ ጣሪያው ደግሞ 14,000 ጫማ ሲሆን እዚያ ሲደርስ መውጣት የሚችለው በደቂቃ 100 ጫማ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል መስመር ብናሰምር በ12,100 ላይ የሚቀረው በደቂቃ 185 ጫማ፣ 56 ሜትር ነው። በዚያች ደቂቃ አውሮፕላኑ 2.7 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ይዞ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚነሳው 20 ሜትር ነው። ከሜዳው ጫፍ ላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ብቻቸውን ከዚያ ሊበልጡ ይችላሉ።

አደጋው የሚመጣበት መንገድ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ከወትሮው እጅግ ረዝሞ ይንደረደራል። ሜዳው እያለቀ ሲመጣ አብራሪው ይጨነቅና አፍንጫውን ያነሳል። ከመሬት ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ባለው ርዝመት፣ በሴስና 172 በ11 ሜትር ውስጥ፣ አየሩ በክንፉና በመሬቱ መካከል ስለሚረዳው አውሮፕላኑ በትንሽ ፍጥነትም ይነሳል። የተነሳ ይመስላል። ከዚያች ከፍታ ሊያልፍ ሲል ግን እርዳታው ይቀራል፤ መውጣት አይችልም፣ ፍጥነትም የለውም፣ ከፊቱ ዛፍ ወይም ቤት አለ። ሞተሩ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት በሙሉ ኃይሉ ይጮሃል።

መከላከያዎቹ የሚሠሩት መሬት ላይ ነው። አንደኛው ቀይ እጀታ ያለው የነዳጅና የአየር መመጠኛ፣ ሚክስቸር የሚሉት ነው። ቆላ ላይ እንደተለመደው ሙሉ ለሙሉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቢቀር ለስስ አየር ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካለችው ጉልበት ላይ ሌላ ይጎድላል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ሞተሩን በሙሉ ኃይል አስጩሆ፣ እጀታውን ቀስ በቀስ እየሳቡ ዙሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሜዳውን አጋማሽ በድንጋይ ወይም በባንዲራ ምልክት ማድረግ ነው። አጋማሹ ላይ ሲደረስ ከመነሻው ፍጥነት 70 ከመቶ ካልተገኘ የሞተሩን ኃይል ሙሉ በሙሉ ቀንሶ ፍሬን መያዝ ነው፤ በዚያ ጊዜ ክርክር የለም። ሦስተኛው ማለዳ መብረር ነው። ጠዋት በ5 ዲግሪና ቀትር በ20 ዲግሪ መካከል የ1,800 ጫማ ልዩነት አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። የሴስና 172 የመነሻ ርቀት ሠንጠረዥ የሚያበቃው 8,000 ጫማ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከሠንጠረዡ ውጪ ናት። ቁጥር በሌለበት ገምቶ መነሳት አብራሪነት ሊባል አይገባውም።

ጭነቱም አለ። ባለ አራት ወንበር ስለተባለ አራት ሰው ይጭናል ማለት አይደለም። ሙሉ ነዳጅ ከተሞላ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 250 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሦስት ጎልማሶችና ትንሽ ሻንጣ። በዚያ ላይ ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ከኋላ ቢወረወር ሁለት ጥፋት ነው። ክብደት በ10 ከመቶ ሲጨምር የመነሻው ርቀት በ20 ከመቶ ገደማ ይረዝማል። ሚዛኑ ወደ ጅራት ሲሄድ ደግሞ አፍንጫው ራሱን ወደ ላይ ይወስዳል፤ አንዴ ከተሽከረከረም መመለስ ላይቻል ይችላል።

ክንፉ መያዝ ሲያቆም

«ስቶል» የሚባለው ቃል ሞተር መጥፋት ይመስላቸዋል ብዙዎች። ሞተሩ አይነካበትም። ክንፍ አየሩን የሚይዘው በተወሰነ ማዕዘን እስከመጣ ድረስ ነው። አፍንጫው ከሚገባው በላይ ሲነሳና ማዕዘኑ 16 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ በክንፉ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ይፈስ የነበረው አየር ይላቀቅና ይበታተናል። ድጋፉ በአንድ ጊዜ ይጎድላል።

ቀጥ ብሎ በሚበር ሴስና 172 ይህ የሚሆነው ፍጥነት መለኪያው 89 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያሳይ ነው። አውሮፕላኑ ሲያጋድል ቁጥሩ ያድጋል፤ በ45 ዲግሪ ማጋደል 106፣ በ60 ዲግሪ 126። ለማረፍ ሲቃረብ የሚይዘው ፍጥነት ግን 120 ገደማ ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በማረፊያ ፍጥነት ላይ ሆኖ በ60 ዲግሪ የተጋደለና ከፍታውን ልጠብቅ ያለ አውሮፕላን ክንፉ ይለቀዋል።

ሰው የሚሞተው ደግሞ አንዲት የታወቀች ጠምዘዣ ላይ ነው፤ ከማረፊያው ጋር ለመግጠም የሚደረገው የመጨረሻው መታጠፍ። ነፋስ ከኋላ ገፍቶት መስመሩን ያልፋል። አብራሪው አጥብቆ መታጠፍ ይፈልጋል፤ መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ግን ክንፉን ማጋደል ይፈራል። በዚህ ጊዜ እግሩ የጅራቱን መሪ ይገፋል፣ እጁ ደግሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል። የታችኛው ክንፍ ቀድሞ ይለቃል። አውሮፕላኑ በጀርባው ተገልብጦ መሽከርከር ይጀምራል። ከመሬት ያለው ከፍታ 150 ሜትር ቢሆን ነው፤ ይህን ለማስተካከል አይበቃም። መስመር ያለፈ አብራሪ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ኃይል ሰጥቶ፣ ክንፉን አቃንቶ፣ ዞሮ እንደገና መምጣት።

ደጋ ላይ ይህን የሚያባብስ የዓይን ማታለል አለ። ፍጥነት መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት ስለሆነ በስስ አየር 120 ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት 144 ይሄዳል። በመስኮት ሲታይ መሬቱ ይሮጣል። ቆላ የለመደ አብራሪ «ፈጠንኩ» ብሎ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ክንፉ የቆመበትን ፍጥነት ነው። በደጋ መለኪያውን ማመን፣ የመሬቱን ሩጫ መተው ያስፈልጋል። ካረፈም በኋላ የሚንደረደርበት ርቀት 40 ከመቶ ገደማ እንደሚጨምር አስቀድሞ መቁጠር አለበት።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ አደጋ አለ። ልክ እንደተነሳ ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ ወደ ሜዳው ልመለስ ብሎ ይዞራል። በዝቅተኛ ከፍታ የሚደረገው ይህ ዙር በርካቶችን ገድሏል። አፍንጫን ዝቅ አድርጎ፣ ከፊት ባለው እርሻ ላይ ቀጥ ብሎ ቀስ ብሎ መውረድ ጎማ ቢሰብር ነው።

የጣርማበር ጉም

ከአፋር በረሃ በኩል የሚመጣ እርጥበት ያለው አየር የደብረ ሲናን ገደል ተንተርሶ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጣርማበርን በመኪና ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዋሻው በአንዱ በኩል ፀሐይ፣ በሌላው በኩል የፊት መብራት የማይበግረው ነጭ ግድግዳ። ሹፌር ዳር ይይዛል፣ ይቆማል። አብራሪ መቆም አይችልም።

በጉም ውስጥ ሰው ላይና ታቹን የሚያጣው ስለፈራ አይደለም። በውስጠኛው ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቁ ፈሳሽ የያዙ ቱቦዎች አሉ። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ሲያጋድል ፈሳሹ አይነቃነቅም፤ ሰውየው ቀጥ ብዬ ነኝ ይላል። መዞሩ ሲቀጥል ፈሳሹ ከቱቦው እኩል ይሄድና መዞሩ የቆመ ይመስላል። አብራሪው መለኪያውን አይቶ ሲያቃና ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የወደቀ ይመስለዋል፣ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። አፍንጫው እየወረደ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ፣ አውሮፕላኑ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ ጥምዝምዙን ያጠብቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ሥልጠና ያልነበራቸውን 20 ሰዎች ውጪውን ከልሎ ፈትኗቸው ነበር። ሃያዎቹም መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ትንሹ ራሱ እያበረረ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1999 ሌሊት በጭጋግ በተሸፈነ ባሕር ላይ ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር የሞተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አውሮፕላኑ ብልሽት አልተገኘበትም።

ሌላው መልክ ቁጥጥር ሳይጠፋ፣ ቀጥ ብሎ እየበረሩ ተራራ መግጨት ነው። የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1989 በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኚዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲጓዙ የነበሩበት ትዊን ኦተር በመጥፎ የአየር ጠባይ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 16ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አልቀዋል። በእኛው አገር የሆነ ስለሆነ ቢታወስ ይገባል።

ጉም ውስጥ የገባ አብራሪ ዓይኑን ሰው ሠራሽ አድማስ ከሚባለው መለኪያ ላይ ሳያነሳ፣ በ15 ዲግሪ ገደማ ብቻ አጋድሎ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 180 ዲግሪ ዞሮ ወደመጣበት ብርሃን መመለስ አለበት። ከዚህ የሚሻለው ሳይገቡ መመለስ ነው። ብዙዎችን የሚያስገባው «መድረስ አለብኝ» የሚል ሐሳብ ነው። ለፋሲካ ቤተሰብ ይጠብቃል፣ ነገ ሥራ አለ፣ መንገዱ ቀርቧል። መድረሻው በቀረበ ቁጥር መመለስ እየከበደ ይሄዳል።

ገደሉና ነፋሱ

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማበርን ለመሻገር የሚፈልግ ሙሉ ጭነት የያዘ ሴስና 172 ከ1,300 ሜትር ወደ 3,500 ሜትር መውጣት አለበት። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ከ75 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ገደሉ በአየር መስመር ከ30 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ቀጥ ብሎ ያመራ አውሮፕላን አፋፉ ከፊቱ ከእሱ ፈጥኖ ያድግበታል። ቆላው ላይ እየዞሩ ከፍታ ሳይጨርሱ ወደ ገደሉ መዞር ክልክል ነው። በሞቃት ቀን አናቱ ላይ ያለው የእፍግታ ከፍታ ወደ 14,000 ጫማ ስለሚጠጋ አውሮፕላኑ ጣሪያውን ይነካል፤ ያኔ ሰው ወይም ነዳጅ ቀንሶ መነሳት ግድ ነው።

ሸለቆ ውስጥ የገባም እንዲሁ ይያዛል። በመለኪያ 90 ኖት (በሰዓት 167 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይዞ በ30 ዲግሪ የሚዞር አውሮፕላን ባሕር ወለል ላይ 760 ሜትር ስፋት ይበቃዋል፤ በስስ አየር 1,090 ሜትር ይፈልጋል። የጀማ ገባር ወንዞች ሸለቆ ወደ ላይ ሲሄድ ይጠባል፣ ወለሉም ይነሳል። ስለዚህ ሸለቆን መሐል ለመሐል መብረር ስህተት ነው። አንዱን ግድግዳ ተጠግቶ መብረር ለመዞር ሙሉውን ስፋት ይሰጣል።

ነፋስ አፋፍን ሲያልፍ እንደ ፏፏቴ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል። በደቂቃ 200 ጫማ ብቻ የሚወጣ አውሮፕላን በደቂቃ 1,000 ጫማ ከሚወርድ አየር ጋር መታገል አይችልም። ነፋሱ ከሚሸሽበት ጎን ወደ አፋፍ ሲቀርቡ በ45 ዲግሪ ጎን መቅረብ ይገባል፤ እንዲህ ከሆነ ማፈግፈጊያው ሩብ ዙር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከጫፉ በላይ ቢያንስ 300 ሜትር መያዝ፣ ነፋሱ አናቱ ላይ 25 ኖት ካለፈ ደግሞ አለመሻገር ነው።

ውርጭ፣ በረዶና የማርሚታ ጭስ

በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳ ላይ ያደረ አውሮፕላን ክንፉ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ስስ ነው፣ ክብደት የለውም፣ ስለዚህ ይናቃል። እንደ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት የሆነ ውርጭ የክንፉን ድጋፍ እስከ 30 ከመቶ ይቀንሳል፣ የአየሩን ተቃውሞ እስከ 40 ከመቶ ይጨምራል። ማለዳ ብረሩ ያልነው ከዚህ ጋር ይጋጫል፤ መፍትሔው ማታ ክንፉን ማልበስ፣ ወይም ጠዋት አውሮፕላኑን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። የፈላ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ማጠፊያዎቹ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይረጋል።

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል) ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ውስጥ ደግሞ በ20 ዲግሪ ሙቀት እንኳ በረዶ ይሠራል። አየሩ በጠባቡ አንገት ሲያልፍና ቤንዚኑ ሲተን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ስለሚችል እርጥበቱ እዚያው ይረጋል። በተለይ ለመውረድ ኃይል ሲቀነስ። ምልክቱ አብራሪው ሳይነካው የሞተሩ ዙር መቀነሱ ነው። ያኔ የካርቡሬተር ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ መሳብ። በረዶው ቀልጦ ሲገባ ሞተሩ ለአፍታ ይንተፋተፋል፤ ባሰበት ብለው የሚመልሱት ይሳሳታሉ።

ብርዱ ሦስተኛም ጣጣ አለው። በአብዛኞቹ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ጓዳውን የሚያሞቀው አየር የሚመጣው በጋለው ማርሚታ ዙሪያ አልፎ ነው። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። የሚገድለው ጋዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል እሳት የሚያመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲጓዝ የሞተው እግር ኳስ ተጫዋች ኤሚሊያኖ ሳላ ደም ውስጥ ከሄሞግሎቢኑ 58 ከመቶው በዚህ ጋዝ ተይዞ ተገኝቷል። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮት ከፍቶ መውረድ ነው። ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ ጠቋሚ መሣሪያ ከሰው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው።

ነዳጅ

ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ግን ዛሬም ሰው ይሞትበታል። ሴስና 172 በሰዓት ከ30 እስከ 35 ሊትር ይጠጣል። በመለኪያው አትመኑ፤ ክንፉ ላይ ወጥቶ በመለኪያ ዘንግ ማየት ነው። ቀን ከሆነ ቢያንስ የ30 ደቂቃ፣ ሌሊት የ45 ደቂቃ ትርፍ ነዳጅ መያዝ ዝቅተኛው ነው። ግማሽ ሆኖ ያደረ ታንክ በብርድ ሌሊት ውሃ ያቁራል፤ ከታንኩ ሥር በሚያሳይ ኩባያ ሲቀዳ የአቪዬሽን ቤንዚን ሰማያዊ ሆኖ ከላይ ይሆናል፣ ውሃው ከሥር ይዘቅጣል። ንጹሕ ሰማያዊ እስኪወርድ መቅዳት ነው።

ተሳፋሪ ከሆናችሁ

አብራሪውን ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ክብደቱን ደምሮታል ወይ፣ ጉም ቢያጋጥም የት ይመለሳል፣ ለስንት ሰዓት የሚሆን ነዳጅ አለ። ጥሩ አብራሪ አይቆጣም። የወገቡን ቀበቶ ብቻ አስራችሁ አትቀመጡ፤ በትከሻ የሚያልፈውን ጭምር አጥብቁ፣ ምክንያቱም በቀላል አደጋ የሚገድለው ራስ ከፊት ካለው ብረት ጋር መጋጨቱ ነው። በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የድረሱልኝ ጠቋሚ መኖሩንና ባትሪው ጊዜው አለማለፉን አረጋግጡ። ከመነሳታችሁ በፊት መሬት ላይ ለሚቀር ሰው መንገዱንና የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሩት፤ «ከደብረ ብርሃን በሰላ ድንጋይ በኩል ወደ መሐል ሜዳ፣ አራት ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ብላችሁ። አራት ተኩል ድረስ ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውል ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት።